በእማማ ማርታ እንሰት ውስጥ የቆሙ ችካሎች

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ዛሬም ይቺው ካልኩሌተር። የልኬት መቀየሪያውን ፕሮግራም አስገባሁ፣ ጠፋ፣ እንደገና አስገባሁ። አንድ ቁልፍ ከሳትኩ ሁሉም ከዜሮ። አንቺ ደብተር ብቻ ነሽ የምትሰሚኝ።

ነገሩ ይኸውልሽ። መንገዱ የተነደፈው በአሮጌው ካርታ ነው። እኛ ቀያሾች ችካል የመታነው ግን የውጭ ባለሙያዎች በሳተላይት ለክተው በሰጡን ቁጥር። የሁለቱ የልኬት መነሻ ለየቅል ነው። ያው ቦታ፣ ሁለት ቁጥር፤ ልዩነቱ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ። ሳናመሳክር ቸከልን። መስመሩ የእማማ ማርታን እንሰት ለሁለት ሰነጠቀው። ዶዘሩ የፊታችን ሰኞ ይገባል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ከታቦር ተራራ ጀርባ ወርጄ አየሁት። ዓመታት የጠበቁት እንሰት፣ ሊደርስ የተቃረበ። ቤተሰቡ የሚከርመው በዚሁ ቆጮ ነው። እማማ አልተቆጡኝም። መንገድ አልጠላም፣ ሜዳው እዚያ ባዶውን ተኝቶ ለምን በእኔ ጓሮ፣ አሉኝ። አፈርኩ።

ሐሙስ
ፕሮግራሙ ሠራ! ተራራው አናት ላይ ባለው፣ ሁለቱም ቁጥሩ በሚታወቀው የቅየሳ ምልክት ፈተንኩት። ልዩነቱ ሊጠፋ ሲገባው እጥፍ ሆኖ አረፈው። ካልኩሌተሯን ግድግዳ ላይ መወርወር ነው የቀረኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት
መደመር ሲገባኝ ቀንሼ ኖሯል። የኔ ነገር! አስተካከልኩ፣ ገጠመ። መስመሩ ሜዳው ላይ ነው፣ እማማ እንዳሉት። ወደ ኃላፊያችን ጓድ ተፈራ በረርኩ። የስሌቱን ወረቀት ዞር ብሎም አላየው። ሪፖርቱ ተልኳል፣ አሁን መቀየር አሻጥር ነው፣ አለ።
«ሳተላይት ተሳስቶ አንተ ልክ?»
ሳተላይቱ አልተሳሳተም፣ ያላመሳከርነው እኛ ነን፣ ብል ማን ይስማኝ። ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ
ለባለቤቴ ለአስቴር ነገርኳት። አርፈህ ተቀመጥ፣ ልጆች አሉህ፣ አለች። እውነቷን ነው። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው የት እንደሚገባ እናውቃለን። ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ተነጫነጭኩባት፣ እሷ ምን በወጣት።

እሁድ፣ 9 ሰዓት
የዶዘሩ ሹፌር ወረቀት አያነብም፤ የሚከተለው ችካል ነው። ስለዚህ እሄዳለሁ። ነቅዬ ሜዳው ላይ እተክላለሁ፣ በቀን፣ ሰው እያየ። ነገ የሚጠይቀኝ ይጠይቀኝ።

አስቴር መዶሻውን ሳነሳ አየችኝ። እየጻፍኩ ነው፣ በሩ ላይ ቆማለች። ልትከለክለኝ መስሎኝ ነበር፤ ጫማዋን አጥልቃለች።
«የሜትሩን ጫፍ ማን ሊይዝልህ ነው?» አለችኝ።
እንሄዳለን።