ጥንቃቄ፣ ኤሊ ይሻገራል

ጥቅምት 3
ከደጄ ያለውን መንገድ አስፋልት አለበሱት። አቧራው ቀረ፣ ጥሩ ነው። መኪናው ግን አበደ። ኤሊው ዛሬም ወጣ። የሟች ባለቤቴ ኤሊ ነው… ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ወደ ታላቅ እህቷ ጓሮ ይሻገራል። ጎመን ፍለጋ። ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አንስቼ ባሻግረው ተመልሶ ይመጣና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ግትር። ከማን እንደወረሰው እንጃ።

ጥቅምት 4
የጭነት መኪና በስንዝር ሳተው። እቤቴ ከሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።
ሴትዮዋ፣ የባለቤቴ እህት፣ ከማዶ፣ "ከኔ ጋር ይሁን አላልኩህም? አንተ ራስህንም አትመግብም።"
በለቅሶው ቀን ይህንኑ ብላኝ ነው የተኳረፍነው። ሦስት ዓመት። ዛሬም አልመለስኩላትም።

ጥቅምት 7
መንገድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የእንስሳት መሻገሪያ ምልክት ትከሉልኝ አልኩት ሠራተኛውን።
"ስንት ናቸው፣ አባባ?"
"አንድ።"
"ለአንድ አይተከልም። መንጋ መሆን አለበት።"
ልጄ ውጭ አገር የከባድ መኪና ሾፌር ናት፤ ከየአገሩ ያነሳችውን ምልክት በስልክ ልካልኛለች። አሳየሁት። ካንጋሮ። ግመል። ዳክዬ ከነጫጩቶቿ። እንቁራሪት እንኳ ምልክት አላት።
"እነዚህ ብዙ ናቸዋ።"
"የኔው አንዱ እስኪያልፍ ያንተ መንጋ ደርሶ መልስ ይሄዳል።"
ሳቀ። ሻይ ጋበዘኝ። ምልክት የለም።

ጥቅምት 8
ራሴ ሠራሁት። የበርሜል ክዳን፣ ቢጫ ቀለም፣ መሃሉ ላይ ኤሊ። ደጄ ላይ ተከልኩት። ማንንም አልለምንም።

ጥቅምት 10
አንዱ ሾፌር ምልክቱን አይቶ ቆመና፣ "ዳቦው ትኩስ ነው?" አለኝ።
ሞተረኞቹ ደግሞ ምልክቱን ሲያዩ ሄልሜታቸውን ያጠልቃሉ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ስለ ሄልሜቱ አመሰገነኝ፣ እጄን ጨበጠኝ። ኤሊው መሃል መንገድ ላይ ነበር። ፖሊሱ ዘሎት ሄደ።

ጥቅምት 11
ሴትዮዋ ሥዕሉን አይታ ከማዶ፣ "አንተ ሰውዬ፣ አንገቱስ?"
"አንገት የታለውና።" አመለጠኝ… ሦስት ዓመት የያዝኩት አፍ።
"ለኔ ያወጣል።"
እኔ ሳየው ሁሌ ድንጋይ ነው። ለባለቤቴ ግን ያወጣ ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ አላየሁትም። እኔ ምን አደረግኩት?

ጥቅምት 12
ለሥዕሉ ብዬ ነው። እርሳስ ይዤ አብሬው ተሻገርኩ፣ በሱ እርምጃ። ዘጠኝ መኪና ቆመ። አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ዞር ብዬ አየሁት፣ ተወው።
ጎመኑ ሲቀርብለት አንገቱን አወጣ። ረጅም ነው፣ የተሸበሸበ። ባለጓሮዋ እትዬ እሱን አየች፣ የኔን አንገት አየች፣ አፏን ያዘች።
"ሳቂ፣ ግድ የለም" አልኳት።

ጥቅምት 13
አንገቱን ጨመርኩ። ዳቦ የሚጠይቅ ቀረ። አሁን "መጥበሻው ስንት ነው?" ይላሉ። ይበሉ። መቆማቸው አልቀረ።
እትዬ መንገዱን ተሻግራ መጥታ አየችው።
"እግር የለው፣ በምኑ ሊሻገር ነው?"
እውነቷን ነው። እግሩን ለማየት ነገም መሄድ አለብኝ። አራት ናቸው። በቀን አንድ አንድ እስላለሁ… ምን ያስቸኩለኛል።