ታማሚው የማይሞትበት ጨዋታ

ለውድ ወንድሜ ለአምደሚካኤል፤

እንደምን ሰነበትክ? የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ኡልሪከ ደህና ናት ወይ? ልጅህ ብሩክታይትስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ከዚያ ወንበር ሳትነሣ ይመሽብሃል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ማርዘም ግን አልችልም፤ ተቆጥቻለሁና። ናፍቆቴ የእውነት ነው፤ ቁጣዬም የእውነት ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። እማዬ ታማለች። ልቧ መድከሙን ሐኪሙ የነገረን በሰኔ ነው። እግሯ ያብጣል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ደራርባ ተደግፋ ነው የምታድረው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ሩቅ ያለ ልጅ ካላት ቶሎ ይምጣ» አለኝ። ለአንተ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር። መሐላውን አፍርሻለሁ፤ ንስሐውን እኔው እገባለሁ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ከሰላምታ ሥር ተሸፍኖ እንደሚላክ አጥቼው አይደለም። አንተ ግን የተሸፋፈነውን ሁሉ እውነት እያልክ ስትቀበል ስለኖርክ፣ የዛሬውን ራቁቱን ተቀበለው።

አሁን ወደ ጨዋታህ ልምጣ። ኮምፒዩተሩን ከነሲዲው ስትልክ «እታለም፣ አንባቢ ነሽና አይተሽ ፍረጂልኝ» ብለኸኝ ነበር። መሥሪያ ቤታችሁ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ትንሽ ቤት እንደሆነ፣ አንተም ስዕሉንም ታሪኩንም እንደምትሠራ፣ አንድ ሰው በሰፊ አገር ላይ እንደ ፈቀደ እየዞረ ታሪክ የሚኖርበት ጨዋታ እንደሆነ በዝርዝር ጽፈህልኛል። እሺ፤ አየሁት። ፍርዴን ስማ።

መጀመሪያ ስለ ስዕሉ። ሰውየው እግሩን አንሥቶ እስኪያሳርፍ እኔ አንድ ሽንኩርት ልጬ እጨርሳለሁ። ወደ ግራ ዙር ሲሉት እንደ ሹም ካሰበበት በኋላ ነው የሚዞረው። ወንዝ ዳር ሲደርስማ ጭራሽ ይደርቃል። የጎረቤታችን የፈቲያ ባል ኑሪ፣ ያ ከበራችን ፊት ለፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው፣ መጥቶ አየልንና «እትዬ ብርነሽ፣ ይሄ ማሽን አህያ ነው፤ ወንድምሽ የጫነበት ግን የባቡር ጭነት ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንዳንድ ነገር ነካካና የዛፎቹን ጥላ አጠፋ፤ ጭጋጉን ወደ ፊት አቀረበ፤ በመጨረሻም ውሃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ አጠፋው። ወንዙ ሰማያዊ ምንጣፍ መሰለ። ሰውየው ግን መራመድ ጀመረ።

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ካቻምና «ለክረምት እመጣለሁ» ብለህ ቀርተህ፣ ምክንያትህን በጳጉሜ ጽፈህልን ነበር፤ ወንዙ ላይ ሰማዩ እንዲታይ ስትሠራ ከረምክ። እማዬ ያንን ደብዳቤ ደጋግማ አስነብባኛለች። «ውሃ ውስጥ ሰማይ! የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ጥበብ ላይ ነው የተጠመደው» እያለች ለጠያቂው ሁሉ አወራች። ያንን ክረምትህን ኑሪ በአንድ ጣቱ አጠፋው። ከታሪኩም የጎደለ ነገር የለም። እዚህ ጉርድ ሾላ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እውነተኛው ሰማይ በየመንገዱ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ መጥተህ ብታየው ማንም አይከለክልህም ነበር።

ጭጋጉንም ታዝቤዋለሁ። ማሽኑ ሩቁን መሳል ሲያቅተው በጭጋግ እንደምትሸፍነው ኑሪ አስረዳኝ። ቅርብ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ አገር የለም፣ ሰው የለም። ይህ የማሽን ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ።

ታሪኩ አጀማመሩ መልካም ነው፤ ሐሰት አልናገርም። ወጣቱ ከሰው አገር ሲመለስ አባቱን አልጋ ላይ ያገኘዋል። መድኃኒቱ ከተራራው ማዶ ያለ የምንጭ ውሃ ነው። ልባችን ተንጠለጠለ። እኔ እንግሊዝኛውን በላክህልኝ መዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ እማዬ ከትራሶቿ ላይ ሆና እያዳመጠች ወደ ተራራው ገሠገሥን። በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው «ስምህ ገና አልታወቀም፤ ሂድና ሕዝቡን አገልግል» ብሎ መለሰን። እስቲ ንገረኝ፣ ለአባቱ መድኃኒት ሊያመጣ የሚሄድ ልጅ ምን ስም ያስፈልገዋል? ልጅነቱ አይበቃም?

ከዚያ ወዲያ ተላላኪ ሆነን ቀረን። አንዲት ሴት አሥራ ሁለት እንጉዳይ ልቀሙልኝ አለች፤ ለቀምን። እኅቷ ደግሞ ከወዲያኛው ኮረብታ ሌላ አሥራ ሁለት አማራት። ባለወፍጮው ቁልፍ ጠፋብኝ አለን፤ ቁልፉ ከገዛ ጓሮው ወድቋል፤ እሱ ጎንበስ ማለት ሞት ሆኖበት ነው። የላይኛው መንደር ሰው ለታችኛው መልእክት አድርሱ አለን፤ ተቀባዩ ገና ሳያነብበው መልሱን አሸከመን። መብራት ሲሄድ የለቀምነው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ድካማችንን የምታስቀምጥልን ጨዋታው ውስጥ ካለው ማደሪያ ቤት ስንገባ ብቻ ነውና እንደገና ለቀማ እንወጣለን። እማዬ አንድ ቀን ተመርራ «በዚህ አገር እጅና እግር ያለው ሰው የለም እንዴ? ሁሉም የሚያዝዘው የእኛን ልጅ ነው?» አለች።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ታውቃለህ። ማንበብ የለመድኩት በርበሬና ጨው ተጠቅልሎበት ከሱቅ ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ወሬው መሐሉ ላይ ተቀድዶ ይቀራል፤ መጨረሻውን ፍለጋ ባለሱቁን ሌላውን ቁራጭ ስጠኝ ብዬ ለምኜ አውቃለሁ። ስለዚህ መጨረሻው የጠፋበትን ሰው አዝንለታለሁ። መጨረሻውን በእጁ ይዞ በገለባ የሚቀብረውን ግን አልምረውም። «ጨዋታውን ለመጨረስ መቶ ሰዓት ይፈጃል» ብለህ በኩራት ጽፈሃል። ጤፍ ነጋዴ ገለባ ቀላቅሎ ኩንታሌ ሞላ ብሎ ቢኩራራ አንተ ምን ትለው ነበር?

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ አትችልም እንዳልል ትችላለህ። የድልድዩ ጠባቂ ለሚስቴ ይህን ዳቦ አድርሱልኝ ብሎ ይልከናል። አደረስን። ሴትየዋ ዳቦውን አገላብጣ አየችና ባሌ ከሞተ ሦስት ክረምት አለፈው አለችን። ስንመለስ ድልድዩ ላይ ማንም የለም። ያን ቀን እማዬም እኔም ምሳ ሳንበላ ዋልን። ያ ጉዳይ ነው። ያ ሰው ነው። እንዲህ የሚጽፍ እጅ ስለ ምን እንጉዳይ ሲያስቆጥር ይውላል? አሁን ደግሞ በመጨረሻው ደብዳቤህ «ስልሳ ተጨማሪ ተልእኮ እንድጽፍ ታዝዣለሁ፤ ስለዚህ ለገና አልደርስም» ትለኛለህ።

እማዬ በጨዋታው ላይ የራሷን ሥርዓት አወጣችበት። ምንም ከመሥራታችን በፊት በሽተኛውን መጠየቅ አለብን። «ሰው ታሞ ተኝቶ እንጉዳይ ለቀማ ይኬዳል? ነውር ነው» አለች። ኑሪ እየሳቀብን፣ በየጠዋቱ ያንን ሰው ወደ አባቱ ቤት መልሰን ከአልጋው ግርጌ እናቆመዋለን። የሚቀመጥበት የለም፤ ቁጭ የሚያደርግ ቁልፍ አላበጀህለትም። እግዜር ይማርህ የሚያሰኝም የለም። ከቦሌ ቡልቡላ ወተት የምታመጣልን ሴት እንኳ እማዬ አሟታል ስትባል ዕቃዋን አስቀምጣ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ዳብሳ ነው የምትሄደው። የአንተ ጀግና እንደ ምሰሶ ቆሞ ይወጣል። ሽማግሌው አይብስበት፣ አይሻለው፤ እኛ ለቀማ ስንዞር ሳምንታት አለፉ፤ እሱ እንደ ተኛ ነው። እማዬ «የታደለ በሽተኛ» አለችው።

በሽተኛው ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። «አትቸኩል ልጄ። እኔ ደህና ነኝ። ገና ጊዜ አለ፤ መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ።» ለእማዬ «ይመርቅሃል» እያለ ነው ብዬ ዋሸኋት። ቃሉ ከማን አፍ እንደ ወጣ አንተም እኔም እናውቃለንና። በየእሑዱ በፈቲያ ስልክ የምትሰማው ነው።

እንግዲያው ስልኩ ሲደወል እዚህ ምን እንደሚሆን ስማ። ፈቲያ በአጥሩ በኩል «እማማ ፈለቀች፣ አምዴ ነው!» ብላ ትጣራለች። እማዬ ትከሻዬን ይዛ ትሻገራለች። መነጋገሪያውን ተቀብላ ወዲያው አትናገርም፤ በእጇ ሸፍና ትንፋሿን ትሰበስባለች። አንተ «ድምፅሽ እንዴት ጠንካራ ነው» የምትላት ያንን የተሰበሰበ ትንፋሽ ነው። ስልኩ ሲዘጋ የፈቲያ ደረጃ ላይ ትቀመጥና እስክትረጋጋ ድረስ ማንም አያናግራትም። አንድ እሑድ ፈቲያ አላስችል ብሏት «ይስጡኝ እማማ፣ እኔ ልንገረው!» ብላ ልትቀማት ነበር። እማዬ እጇን ቸብ አድርጋ «ተይ አንቺ ልጅ፤ ሰው አገር ሥራ ላይ ያለን ልጅ አታስደንግጪ» አለቻት። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ግን ከትራሷ ቀና ትላለች። ድምፁ እስኪጠፋ ቀና እንዳለች ትቆያለች።

ይህን የምልህ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አያሌው ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቀበሌ ስኳር መጣ ተባለ። «ሂጂ፣ ደርሰሽ ነይ፤ እኔ የት እሄዳለሁ» አለኝ። አመንኩት። ሄጄ ተሰለፍኩ። ስመለስ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። በሽተኛ ሂድ ሲልህ ሂድ ማለቱ እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚያ ነው። አንተ ግን በዚህ መንገድ ማወቅ የለብህም፤ እኔ አውቄልሃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ለገና አልደርስም ያልክበት ደብዳቤ መጣ። ለእማዬ አነበብኩላት፤ «ሥራ ነው፣ ምን ያድርግ» አለች። ከዚያ እንደ ልማዳችን በሽተኛውን ልንጠይቅ ገባን፤ ሽማግሌውም ያንኑ ተናገረ። ዛሬስ አልዋሽም አልኩና ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሳቀች። «እኔ ነኛ! የእኔን ነገር ነው የጻፈው» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ቆየት ስትል ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋና ወደ እኔ ዞራ፣ «ብርነሽ፣ እንዲያ ስለው ያምነኝ ኖሯል እንዴ?» አለችኝ።

ማሽኑን አጠፋሁትና ወጣሁ። አምዴ፣ መልሱን ከአንተ ነው የምፈልገው፤ በደብዳቤ ግን አይደለም። ስልሳውን ተልእኮ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እንጉዳይ ማስቆጠር የሚያቅተው ሰው የለም። እናትህ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠውን ግን ማንም አይተካልህም። አለቃህ ከተቆጣ ይቆጣ። ስምህ ሳይታወቅ ና። እኛ ቤት በር ላይ ዘበኛ የለም።

ፈቲያ ሰላም ብላሃለች፤ «የሚመጣው እሑድ ከደወለ እማማ እጅ ሳይደርስ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ይዘጋጅ» ብላለች። ኑሪ ውሃህን በማጥፋቱ ይቅርታ ይለምንሃል፤ ጉልበት ያለው ማሽን ሲገኝ መልሶ ሊያበራልህ ቃል ገብቷል። ኡልሪከን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ በዚህ ደብዳቤ እሷን የሚነካ አንድም ክፉ ቃል እንደሌለበት ንገራት። ብሩክታይትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ቁጡ ናት እንዳትላት፣ ስትመጣ ራሷ ትፍረድ።

እማዬ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ታውቃለች። መሐላዬን እንዳፈረስኩ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ልጨርስ ስል «ምን ልበልልሽ?» አልኳት። እንደ ወትሮው ደህና ነኝ በይው፣ አይዞህ በይው ትለኛለች ብዬ ብዕሬን ደግኜ ጠበቅኳት።

«ና በይው» አለች።

ሌላስ ብላት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

እኅትህ ብርነሽ
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1991 ዓ.ም.