የካሊና ፊት በፌርማታው ላይ

ሩሴ፣ እሑድ ማርች 2 ቀን 2008

ይድረስ ኬፕ ኮስት ላለኸው አባዬ፣

ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ዋናውን ነገር ስለማናወራ ነው። ባለፈው ጊዜ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ስለ አየር ተነጋገርን። እዚህ ብርድ፣ እዚያ ሙቀት። ይህንንማ ሁለታችንም እናውቃለን።

እማዬ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ተመልሳለች። ሲያናግሯት ትመልሳለች፤ ራሷ ግን ወሬ አትጀምርም። አያቴ እግራቸውን ያማቸዋል። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ በመካኒክስ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ፣ ደስ ይበልህ። የእህቴ የካሊና አርባ ረቡዕ ዕለት ወጣ። የምጽፍልህም ስለዚያው ነው።

እዚህ ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ ያለበት ወረቀት በየበሩና በየምሰሶው እንደሚለጠፍ ታውቃለህ። ለተማሪነት የመጣህ ሰሞን እነዚያን ወረቀቶች አይተህ፣ «ይህን ሁሉ ሰው ፖሊስ የሚፈልገው ምን ሠርቶ ነው?» ብለህ እንደጠየቅሃት እማዬ ስትነግረን ካሊና ከሳቅ ብዛት ወለል ላይ ትንከባለል ነበር።

በጃንዋሪ የካሊናን ወረቀት ያሳተሙት አያቴ ናቸው። በመግቢያችን በር ላይ ሳየው አላወቅኋትም። እውነቴን ነው አባዬ፤ በዚያው ቀን ሌላ ካሊና የሞተች መሰለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ የተነሣችውን ፎቶ ነበር የሰጡት፤ ጸጉሯ በብረት ተተኩሶ የተጋደመበትን። አታሚዋ ደግሞ ፊቷን እንደ ወተት አንጥታዋለች። ከሥሩ «ካሊና ዶብሬቫ፣ ሃያ ዓመት» ይላል። የእማዬ ወገን፣ የአያቴ ስም። ሐዘንተኞቹ እናቷ፣ አያቷና ወንድሟ ናቸው። አንተ የለህበትም። ያን ቀን ሬሳ ሳሎን ተቀምጦ ስለ ወረቀት እንዴት ይወራል?

ለአርባው እንደገና ለሚለጠፈው ወረቀት ግን አያቴ መራመድ ስላቃታቸው እማዬ እኔን ላከችኝ። ፎቶውን ራሴ መረጥኩ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት ለቪዛ ፎርም አራት ጉርድ ፎቶ ተነሥታ ነበር። ሁለቱ አብረዋት፣ አደጋው በደረሰበት ሚኒባስ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ ጠረጴዛዋ ላይ ቀሩ። በዚያ በረዶ ወደ ሶፊያ ለምን ትሄድ እንደነበር እማዬ «አትጻፍለት» ስላለችኝ አልጽፍም። ብቻ ፎቶው ልክ እሷን ነው። ጸጉሯ ከጆሮ እስከ ጆሮ ቆሞ ከፍሬሙ ሊወጣ ይታገላል።

አታሚዋ ወይዘሮ ስቴፍካ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው።

«ልጄ፣ እንዲህ እንዳለ ካተምኩት ይጨልማል። ትንሽ ላብራው።»

«አይብራ።»

«ለሷው ብዬ ነው፣ ቆንጆ ሆና እንድትታይ።»

«ቆንጆ ናት። ማሽንሽ ካልቻለ ሌላ ቤት እሄዳለሁ።»

ማሽኑ ቻለ።

«ካሊና ኢቦ ኳን... ኳን ምን?»

«ኳንሳ። የአባቷ ስም ነው፤ እንደጻፍኩልሽ።»

ስልሳ አሳተምኩ። ከሐዘንተኞቹም አናት ላይ አስቀድሜ ያንተን ስም አስጻፍኩ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ለጠፍኩት። መግቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎረቤታችን እማማ ዶና ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉና፣ «ጸጉሯን እንዲህ አቁማ ነበር እንዴ የምትወጣው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ ዶና።»

«ነፍሷን ይማር። ዝቅ አድርገህ ለጥፈው፤ ለኔ አይታየኝም።»

ዳቦ ቤቱ ጋ አንድ። «ይህንን ጸጉር እኛ አንነካም» ብለው የመለሷት የሴቶች ጸጉር ቤት ፊት ለፊት፣ ምሰሶው ላይ፣ ሦስት። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስለጥፍ ሁለት ልጆች ቆመው ያዩኛል።

«ይቺ ጂፕሲ ናት?» አለ አንዱ፤ ጠቆር ያለውን ሁሉ እንደዚያ እንደሚሉት።

«እህቴ ናት።»

«አንተስ ምንድነህ? ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከዚያ ሕንፃ፣ ከሦስተኛው መግቢያ። አንተስ?»

«ከስምንተኛው።»

«ይህን ያህል ርቀህ መጥተህ ነው እኔን መጤ የምታደርገኝ?»

ጓደኛው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ወረቀቱ ተቀድዶ አገኘሁት። ሁለት ለጠፍኩ። ሐሙስ ሁለቱም የሉም። አራት ለጠፍኩ። ዛሬም አራቱ አሉ።

ካሊና አንተ ጋ የመጣች ጊዜ የኬፕ ኮስት ልጆች «ነጯ! ነጯ!» እያሉ እንደተከተሏት ነግራን ነበር። «እዚህ ጥቁር፣ እዚያ ነጭ። ራሴን የምሆነው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወንበሩ ይጠባል» ትል ነበር። ከኔ ይልቅ እሷ መሳቅ ትችልበታለች። እኔ የምችለው መለጠፍ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ መቃብር ልንሄድ ስንወርድ አያቴ የንፍሮውን ሳህን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት። እማዬ አንገቷን ደፋች።

«ጎረቤት ፊት ልታዋርደኝ ነው?» አሉ።

«በምኑ ነው የሚያዋርድዎት አያቴ? በጸጉሯ?»

«አንተ ልጅ! ይህቺን ልጅ በእጄ ነው ያሳደግኋት። ከቤት በወጣች ቁጥር ሰው ሲያፈጥባት አይቻለሁ። ስትሞት እንኳ ማንም ሳያፈጥባት ትረፍ ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው አባዬ። ሳህኑ ጋደል ብሎ ስንዴው ደረጃው ላይ ፈሰሰ። እኔ ግን ቀጠልኩ።

«እሷ እኮ መልሳ ታፈጥባቸው ነበር፤ እርስዎ ግን እንደሚያፍሩባት አድርገው ነው የቀበሯት» አልኳቸው።

ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም። ጣታቸውን ስምህ ላይ አሳረፉና፣ «ይሄን ከሁላችን በላይ ያደረግከው፣ ሰውየው የታለ?» አሉኝ።

ለወይዘሮ ስቴፍካ መልስ ነበረኝ። ለፌርማታው ልጅም ነበረኝ። ለዚህ ግን መልሱ አንተ ጋ ነው።

ከመቃብር ስንመለስ አያቴ እንዲህ አሉ፦ «ለመንፈቋ ድንጋዩ ይቆማል። ለጠራቢው ዶብሬቫ ብዬ ሰጥቼዋለሁ። አባቷ መጥቶ ፊቴ ቆሞ ‘ልጄ ናት’ ካለ የሱን ስም አስቀርጻለሁ። ካልመጣ የኔ ነው። ያሳደገ ይጻፍ።»

አያቴ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ታውቃለህ። መንፈቋ ጁላይ 19 ነው። ለቀብሯ ጊዜ አልነበረም፣ ይሁን፤ ቪዛው አይደርስም፣ ይሁን። ለዚህ ግን አራት ወር ተኩል አለህ። ስለ አየሩ እንዳትነግረኝ።

ደግሞ እየለመንኩህ እንዳይመስልህ። ይህን ስም አንተ ሰጠኸን እንጂ የተሸከምነው እኛ ነን። መምህሩ ስም ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ የሚዞረው ወደ እኛ ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ልጅ በዚህ ስም ሲስቅብኝ ካሊና አፍንጫውን አድምታ ሁለት ቀን ከትምህርት ታግዳለች። አያቴ «አንተም በኔ ስም ዶብሬቭ ተብለህ ብትመዘገብ ይቀልልሃል» ካሉኝ ቆይተዋል። አልባልም። መጣህም ቀረህም አልባልም። ድንጋዩ ላይ ዶብሬቫ ከተጻፈ በየዓመቱ ስልሳ ወረቀት አሳትሜ፣ አንዱን እዚያው ድንጋዩ ላይ እለጥፈዋለሁ። ዝናብ ቢያጥበው ሌላ። ዕድሜ ልኬን።

ብትመጣ ግን አያቴ ፊት ስትቆም አጠገብህ እሆናለሁ። ምን እንደምትል ካላወቅህ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እነግርሃለሁ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ባትልም ብላሃለች። እናትህን ጤና ይስጥልኝ፣ ለካሊና ማልቀሷን ሰምቻለሁ፤ እጇን ሳምልኝ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ አንተ ብቻ ተነሥ።

ልጅህ
ያሴን ኢቦ ኳንሳ