በፈረስ ራስ ላይ የማያርፈው ዱላ

የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሽባባው
የጋሪ ስምሪትና ሥነ ሥርዓት ዴስክ ኃላፊ
በቢሮዎ

ጉዳዩ፦ የፈረስ ቅጽ ለሰው እንዲሞላልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና እመኛለሁ። ራስ ስል ጭንቅላትዎን ማለቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲነሱ ጫማዎ በየትኛው እግር እንደሚገባ ሳይጠፋዎ፣ የልጆችዎን ስም ሳያቀያይሩ፣ ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ ያለውን መንገድ ሰው እጅዎን ይዞ ሳይመራዎ እንደደረሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እነዚህ ሁሉ ጸጋዎች መሆናቸውን ያወቅሁት በዚህ ዓመት ነው። እንዳውቅ ያደረገኝ የእርስዎ ዴስክ ስለሆነ ምስጋናዬን ከዚሁ እጀምራለሁ።

ሀይማኖት እባላለሁ፤ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። የጋሪ ነጂው የይሄነው እኅት ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥሁ ለአጻጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የከተማችንን ስም አልጠቅስም፤ ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ሲሄዱ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ እርሷ ምንም ስላላጠፋች ማፈር የለባትም። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ሦስቱንም ጊዜ በርዎ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቤ ተመለስሁ። አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «የፈረስን ራስ መምታት በጥብቅ የተከለከለ ነው። የፈረስ ራስ በቀላሉ ይጎዳል።» ከሥሩ ቀይ መስመር የተሰመረበት ዱላ አለ። ሥዕሉ በጣም ያምራል። ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው ከእርሱ ሥር ነው፤ ስለ ጋሪ ፈረስ የሚጨነቅ ሰው ሁሉ ስለሚያየው።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለየብቻ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ መለየት ስላቃተኝ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥቅምት 10 ቀን አመሰግናለሁ። የገበያ ቀን ነበር። ጋሪ ሁሉ ከአስፋልት ይውረድ የሚለው ትእዛዝዎ ከወጣ ሳምንቱ ነበር። ወንድሜ ወርዷል፤ አንዱ ጎማ ብቻ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ የድንች ጆንያው ላይ ተቀምጬ ስለነበር አይቼዋለሁ። የዴስክዎ ሠራተኛ ክንዴ መጣ። ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡለት ለእርስዎ አስበው መሆን አለበት፤ እርስዎ ባይነቃነቁም እርሱ ይዘረጋልዎታል።

የመጀመሪያው ዱላ ከግራ ጆሮው በላይ አረፈ። የወንድሜ ራስ ወደ ቀኝ ተወርውሮ ትከሻውን ነክቶ ተመለሰ። ሁለተኛው የወደቀውን ልጓም ሊያነሳ ሲጎነበስ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ነው። ሦስተኛው ተንበርክኮ ሳለ መሃል አናቱ ላይ ነው። ድምፁ ከውጭ ደረቅ ነበር፤ ዱባ በእንጨት ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ገጠመ፣ እግሮቹ መሬቱን መደብደብ ጀመሩ፣ ዓይኖቹ ተከፍተው ሳሉ ጥቁሩ ጠፍቶ ነጩ ብቻ ቀረ። እርስዎ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለበት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «ፈረሱን! ኧረ ፈረሱን ያዙት፣ እንዳይደነብር!» አሉ። ፈረሱ ተያዘ። እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

እኔ አልጮህሁም። ጆንያው ላይ እንደተቀመጥሁ ነበርሁ። ይህን የምጽፈው በእርስዎ ብቻ እንዳልፈረድሁ እንዲያውቁልኝ ነው።

ሁለተኛ፤ ክንዴ በሕክምናም ጥሩ ችሎታ አለው። ጎንበስ ብሎ የወንድሜን ፀጉር በመዳፉ ዳበሰ፣ መዳፉን ለተሰበሰበው ሰው ገልብጦ አሳየና «ደም የታለ? እስቲ ደም አሳዩኝ! ተነስ አንተ፣ አትልፈስፈስ!» አለ። በዚያው ቀን ዴስክዎ የጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ምርመራ ተቀብሎ «ደም ባለመታየቱ ጉዳት አልደረሰም፤ ግለሰቡ ጠጥቶ ከጋሪው ላይ በራሱ ጊዜ ወድቋል» ይላል። ወንድሜ መጠጥ አይቀምስም። ደብዳቤው ግን ማኅተም አለበት፤ ወንድሜ ማኅተም የለውም። እናቴ ለማስረዳት ቢሮዎ ስትመጣ «ምስክር አምጪ» ብለው በትሕትና ሸኟት። ጋሪ ነጂዎች ሁሉ አይተዋል፤ ግን የሁሉም ታርጋ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ከመካከላቸው ዋጋዬ የሚባለው ብቻ እስከ ቤታችን መጥቶ «እኔማ ጅራት ልቀጥል ነው፤ ጅራት ያለው ሰው ሲመታ አቶ ሽባባው ይደርሱለታል» አለን። እናቴ ሳቀች። ወንድሜም ሳቀ፤ ሳቁን ግን ማቆም አልቻለም። ሁላችንም ዝም ካልን በኋላ እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወንድሜ ሲራመድ እግሩን እንደ ሰው ዕቃ መጎተት ጀመረ። ስንጠይቀው መልሱ ይዘገያል፤ «ራትህን በላህ?» ብለነው እኛ ረስተነው ስንተኛ «አዎ» ይላል። አማርኛው እየጠፋበት ሄዶ የሕፃንነቱ ቋንቋ አውንጊ ብቻ ቀረለት፤ ክንዴም በሰማው ቁጥር «በአገውኛ ይሰድበናል» ብሎ ከሰሰው። መንገድ ይጠፋበታል። ከገበያ ወደ ቤት የሚያመጣው ቦራ ነው። ቦራ ፈረሳችን ነው፤ ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ምክንያት ነው እንዲህ የተባለው። ልጓሙ ተለቆ፣ ወንድሜ ጋሪው ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጦ፣ ፈረሱ ብቻውን እያሰበ ይመጡ ነበር።

በኅዳር ባሕር ዳር ወሰድነው። የመጀመሪያው ማሽን ደም አላገኘም፤ ክንዴ እውነቱን ነበር። ዶክተሯ ግን በዚያ አላቆመችም፤ ሁለተኛ፣ በማግኔት የሚያይ ማሽን ውስጥ አስገባችው። ከዚያ እኔን አስቀምጣ አስረዳችኝ። የሰው አንጎል ግራጫና ነጭ አለው አለችኝ። ግራጫው ያስባል፣ ያዝዛል። ነጩ የሚሊዮን ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው፤ ስብ ስለለበሱ ነው ነጭ የሆኑት፤ ትእዛዙን ከቦታ ቦታ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። ሥራችን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ስነግራት «እንግዲያው ነጂውም ደኅና ነው፣ ፈረሱም ደኅና ነው፤ መሃል ያለው ልጓም ነው የተበጣጠሰው» አለች። ራስ በኃይል ተመትቶ ወዲያና ወዲህ ሲወናጨፍ እነዚያ ክሮች ከውስጥ ተስበው ይበጠሳሉ። ቆዳው አይከፈትም፣ አጥንቱ አይሰበርም፣ ደምም ላይፈስ ይችላል።

ሚዛናዊ እንድሆን ያህል፣ ነጩን የሚጎዳው ዱላ ብቻ እንዳልሆነ ነግራኛለች፤ ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ስለሚሆን አልደብቅም። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ይጎዳዋል። ስኳር በሽታ ይጎዳዋል። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ፣ ብዙ ዘመን መጠጣት፣ ከምግብ የሚገኝ አንድ ቫይታሚን ማነስ፣ እርጅናም ጭምር። እያንዳንዱን ጠየቀችን፣ ለካች፣ ደሙን መረመረች፤ በወረቀቷ ላይ አንድ በአንድ ሰረዘችው። ግፊቱ ደኅና ነው። ስኳር የለበትም። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በመጨረሻ ያልተሰረዘ አንድ ቃል ቀረ፤ «ምት» ይላል። ይሄን ወረቀት ይዘን ለፖሊስ ብንሰጥ የእርስዎ ደብዳቤ «ወድቋል» ስለሚል ክስ አይከፈትም ተባልን። ዶክተሯ አንድ ወር የለፋችበትን እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ማሽን ደርሰውበት ነበርና እንዴት አድርጌ ላመስግንዎ?

አራተኛ፤ ወንድሜ ለስድስት ዓመት ቦራን በአለንጋ ነክቶት አያውቅም። ዶክተሯ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል፣ ቁጣውን የሚይዝለት ልጓም አብሮ ተበጥሷል ብላን ነበር። በታኅሣሥ እናቴን በርጩማ ወርውሮ ጉልበቷን መታት። እኔን በሹሩባዬ ይዞ ከግድግዳ ጋር አጋጨኝ፤ ቀስ ብሎ ነው፣ እኔ ደኅና ነኝ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ልጓሙን ማሰር ቢያቅተው እንጨት አንስቶ የቦራን ግንባር፣ ነጩ ላይ፣ መታው። ደጋግሞ መታው። ሰዎች ሲይዙት እንጨቱን አየና «ማን ነው የመታው?» ብሎ ጠየቀ፤ የፈረሱን አንገት አቅፎ አለቀሰ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ዴስክዎ ያሳየውን ትጋት እስክሞት አልረሳውም። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የእንስሳት ሐኪም ይዘው መጡ። ቦራ ተዳበሰ፣ ቁስሉ ታጠበ፣ መርፌ ተወጋ። «የጋሪ እንስሳት ጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ» የሚባል ወረቀት ተሞላ፤ ቀኑ፣ የጉዳቱ ቦታ፣ መንስኤው፣ የመቺው ስም። «መንስኤ፦ በዱላ ራሱ ላይ በመመታት» ተብሎ በግልጽ ተጻፈ። ደም ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀም። ምስክር አምጡ የተባለ የለም። ወንድሜ ሦስት ቀን ታሰረ፤ በሩን የጠበቀው ክንዴ ነበር፣ ዱላውን ይዞ።

አሁን ኮሚቴዎ ሰኞ የካቲት 18 ቀን ተቀምጦ የወንድሜን ታርጋ በስካርና በጭካኔ ምክንያት ለመሰረዝ እንደሚወስን ሰምተናል። ታርጋውን ውሰዱት፤ እርሱ ከእንግዲህ መንዳት አይችልም። የምለምንዎ ሌላ ነው፦ የሆነው በዱላ ነው ብላችሁ ጻፉለት። ስካር የሚለው ቃል ከስሙ ሥር ከታተመ ክሱም ለዘላለም ተዘጋ፣ ክንዴም ያንኑ ዱላ ይዞ ነገ የዋጋዬ ራስ ላይ ይደርሳል፣ እኛም ቤት ውስጥ የምንታመመው በሰካራም ስም ይሆናል። ለሰው የሚሆን ቅጽ እንደሌላችሁ ስለማውቅ፣ እንዳትቸገሩ በማለት የፈረሱን ቅጽ ቀድቼ ሞልቼዋለሁ፤

ስም፦ ይሄነው። ዕድሜ፦ ሃያ አራት። መልክ፦ ጠይም። ልዩ ምልክት፦ ነጭ አለው፣ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም። የጉዳቱ ቦታ፦ ራስ፣ ሦስት ጊዜ። መንስኤ፦ በዱላ በመመታት። የመቺው ስም፦ ክንዴ። አጠገቡ ቆሞ ያየ ኃላፊ፦ ይህን ቦታ ለእርስዎ ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ እስከዚህ ድረስም ቆመው ስላነበቡ፣ የፈረሶቻችንንም ራስ እንደ ዓይንዎ ብሌን ስለሚጠብቁልን፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ፊትዎ ቆማ መናገር ያልቻለችው፣ ለፈረስዎ ታማኝ የሆነች ታናሽ አገልጋይዎ፣

ሀይማኖት

ግልባጭ፦
ለጋሪ ነጂዎች ሁሉ፣ ጅራት ላላቸውም ለሌላቸውም
ለቦራ

ማስታወሻ፦ ምስክር አምጪ ስላሉ ሰኞ ጠዋት ወንድሜንም ቦራንም ይዣቸው እመጣለሁ። ክንዴ ዱላውን ይዞ ሲወጣ እባክዎ በረንዳው ላይ ይቁሙ። ቦራ ከጥቅምት ጀምሮ እርሱን ሲያይ አራት እግሩን ተክሎ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ማንም ሊያስፈርመውም ሊያስፈራራውም አይችልም። ወንድሜ ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ክንዴን «ጤና ይስጥልኝ» ይለዋል፤ ማን እንደሆነ አያስታውሰውም። ራሱ የተጎዳው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ይፍረዱ።