በባሕር ዳርቻዋ ከተማ ያለችው ብቸኛ ፋርማሲ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24። ባቡር ውስጥ።

ማውንት ቤከር ጣቢያ ላይ መቀመጫ አገኘሁ። የምሠራበት የሲያትሉ ሶዶ ሰፈር እስክደርስ ጥቂት ደቂቃ አለኝ። ደብተሬ፣ ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ዶሪስ ትናንት እንደገና ኮል አደረገች። ዶሪስ ማለት ባለፈው ዓመት የፋርማሲስቶች ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው አሮጊት ናት። ከዚህ ሦስት ሰዓት ርቃ በምትገኝ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለችውን አንዲት ፋርማሲ ብቻዋን ይዛ ኖራለች። አሁን ጉልበቷ አልቋል። የሚተካት ካላገኘች በሜይ መጨረሻ ትዘጋለች። ነይና ተረከቢኝ ትላለች።

እኔን! የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ቆሜ ማሽን የሞላውን ጠርሙስ የማጣራውን፣ በሽተኛ ፊት ለፊት ካየሁ ስድስት ዓመት የሆነኝን። አስብበታለሁ አልኳት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27። ምሳ ሰዓት።

ስለ ከተማዋ ሳነብ ምግቤ ቀዘቀዘ። ክሊኒኩ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይከፈታል። ሆስፒታል ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል፣ ያውም ተራራው መንገዱ ላይ ካልተናደ። አምቡላንሱ የበጎ ፈቃደኞች ነው። ጥርስ ሐኪም የለም። ሱናሚ ቢመጣ ማምለጫ ካርታ ግን አለ! አብረውኝ የሚኖሩት አባባ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ምን ነክቶኝ ነው ይሄን የማነበው?

ጠዋት ለአባባ ነግሬያቸው ነበር። ይቆጣሉ ስል ዓይናቸው በራ። ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ በጸሐፊነት ነው ያሳለፉት። ወደቡ ምን ያህል ጥልቀት አለው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ ሐኪም እጨነቃለሁ፣ እሳቸው ስለ መርከብ። ሰኞ ሄደን እንየው አሉ። ኦኬ፣ ማየት ምን ይጎዳል። ከሥራ የሰኞን ፈቃድ ጠየቅሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4። ጠዋት፣ ቤት።

የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዶሪስ ፋርማሲዋ በር ላይ ጠበቀችን። በከዘራ ነው የምትሄደው፣ ግን እኔን ትቀድመኛለች። ከተማዋን በእግር አሳየችን። ከሁሉ በፊት የአገሩ ነባር ሕዝብ ነበረ፤ ዛሬም ወንዙ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት የዓሣ ጫጩት የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ መጣ፣ ከዚያ እንጨት መሰንጠቂያው። አንድ ጊዜ እሳት የታችኛውን መንገድ ሙልጭ አድርጎ በላው፤ እዚያው አመዱ ላይ መልሰው ሠሩት። ዓሣው ሲመናመን ፋብሪካው ተዘጋ፣ እንጨቱም ተከተለ። የፋብሪካው ጽ/ቤት አሁን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ለዓሣው በረዶ ይሠራበት የነበረው ቤት የአምቡላንስ ማደሪያ። ባንኩ ሄዷል። ፖ/ቤት፣ ት/ቤትና የዶሪስ ፋርማሲ ቀርተዋል። አንድ ነገር ሲዘጋ ሰው ያጉረመርማል፣ ሁለተኛው ሲዘጋ ዕቃውን ይጭናል አለችኝ። አባባ ሁሉንም ተርጉሚልኝ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ምግብ ቤቷ ውስጥ ምሳ ዓሣ ነው፣ ሌላ የለም። ጾም ነው ብላቸው አባባ ዓሣ ምን ጊዜ ፍስክ ሆኖ ያውቃል ብለው በሉ። እኔ ድንች ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ያኔ የሱናሚ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ።

አላሰብኩም። የአባባን ክንድ ይዤ ሮጥኩ፣ ወደ ዳገቱ፣ የማምለጫው ምልክት ወዳለበት። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስል ከኋላችን ማንም የለም። አስተናጋጇ የቡና ጀበና የመሰለ ማንቆርቆሪያ ይዛ በር ላይ ቆማ ትጣራለች። ሙከራ ነው፣ በየወሩ ነው!

ሀፍረቱ ሳይለቀኝ አባባ ደረታቸውን ያዙ። መንገድ ዳር ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ፣ ፋርማሲስቷ፣ ቆሜ ቀረሁ። አባባ፣ አባባ ብቻ እላለሁ። ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ኪኒን ኮታቸው ኪስ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዘወትር ጠዋት የማኖረው እኔ ነኝ። አላስታወስኩትም። ዶሪስ ከዘራዋን እየተመረኮዘች ደረሰች፣ "መድኃኒታቸው የት ነው?" አለችኝ፣ መልስ ሳትጠብቅ ኪሳቸውን በርብራ ኪኒኑን ከምላሳቸው ሥር አደረገችላቸው። አምቡላንሱ ወዲያው መጣ። የነዳው የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት ነው፣ ሱሪው ላይ ቀለም ፈሶበታል። ልባቸውን በማሽን እያዩ ሆስፒታል አደረሱን። ድካም ነው፣ ጉዳት የለም ተባለ።

አባባ አሁን ተኝተዋል። እኔ በየአምስት ደቂቃው እየገባሁ ትንፋሻቸውን አያለሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 6። ባቡር ውስጥ።

ቁርስ ላይ ነገሩ አበቃ፣ አንሄድም አልኳቸው።

"ለምን?" አሉኝ።

"አባባ፣ በእርስዎ ልብ መቀለድ አልችልም።"

"ልቤ እዚያም እዚህም ያው ነው። ያ ባለ ቀለም ሱሪው ከዚህ ከተማ አምቡላንስ ፈጥኖ መጥቷል። የምትፈሪው ሌላ ነገር አለ። በእኔ አታመካኚ።"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እሑድ፣ ማርች 9። ከቤ/ክ መልስ።

ደብተሬ፣ ላንቺም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ዋይት ሴንተር ሰፈር አንድ ፋርማሲ ካውንተር ላይ ስሠራ ለአንዲት ካምቦዲያዊት አሮጊት የደም ግፊት መድኃኒቷን በእጥፍ መጠን ሰጠኋት። ቁጥሩን ዓይኔ አየው፣ ልቤ አላየውም። አዞራት፣ ወደቀች፣ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ደውሎ ይቅርታ የጠየቀው አለቃዬ ነው። እኔ በወሩ ሥራ ለቀቅሁና ሶዶ መጋዘኑ ገባሁ። እዚህ አንዱን ጠርሙስ ሦስት ሰው ያየዋል። እዚያ ከተማ ከእኔ በኋላ የሚያይ የለም። አባባ ልክ ናቸው። ይኸው ነው የምፈራው።

ረቡዕ፣ ማርች 12። መኪና ውስጥ።

ለዶሪስ ደወልኩ። እምቢ ልላት ነበር፤ አፌ ሌላውን ዘረገፈው። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ የራሷን አወጋችኝ። እሷም አንድ ጊዜ ለሕፃን የሰጠችው ሽሮፕ ተሳስቶ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ያንኑ ቀን እናትየው ቤት ሄዳ ነገረቻት። እዚህ መሸሸጊያ የለም ትላለች፣ በማግስቱ ፖ/ቤት ትገናኛላችሁ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። "አንቺስ ሄደሽ ነገርሻት?"

"አልሄድኩም።"

"እንግዲያ መጀመሪያ እዚያ ሂጂ። የእኔን መልስ ከዚያ በኋላ ትሰጪኛለሽ።"



ቅዳሜ፣ ማርች 15። ከሰዓት።

የካምቦዲያዊቷ አሮጊት ሴት ልጅ ዋይት ሴንተር ልብስ ስፌት እንዳላት አውቅ ነበር። ሱቁ አሁንም አለ። ሁለቴ አልፌው ነዳሁ። በሦስተኛው ፓርክ አደረግሁ።

አሮጊቷ መስኮቱ ሥር የልብስ ቁልፍ እየለየች ተቀምጣለች። በሕይወት አለች። ለልጅቷ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ፊቷ ተለወጠ። እናትየው ግን ተርጉሚልኝ ብላ ያዘቻት። ሁሉን ተናግሬ ሳበቃ ልጅቷ ከስድስት ዓመት በኋላ ለምን መጣሽ አለችኝ። ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። "ፈርቼ ነው" አልኳት።

አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገረች። ልጅቷ ተቃወመች። እናትየው ተነስታ መጋረጃው ጀርባ ገባችና በፌስታል የታጨቁ የመድኃኒት ጠርሙሶች ይዛ ተመለሰች። እፊቴ አስቀመጠቻቸው። "እይልኝ ትላለች" አለች ልጅቷ፣ ሳትወድ።

አየሁላት። የእያንዳንዱን ስምና መጠን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ሁሉም ልክ ነው። አንጓዋ ጠመም ብሎ ቀርቷል። ፌስታሉን ልቋጥርላት ስል እጄን ገፋ አደረገችና ራሷ ቋጠረችው። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። በር ድረስ ግን ሸኘችኝ።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ማርች 16። ቀትር።

ለዶሪስ እመጣለሁ አልኳት። በአንድ ነገር ብቻ፦ የመጀመሪያውን ስድስት ወር በሳምንት ሁለት ጠዋት መጥታ የሠራሁትን ታያለች። ዓይኔ ደክሟል አለች። መነጽርሽን ቀይሪ አልኳት። ሳቀች።

አባባ በየወሩ ሲያትል ለልብ ሐኪማቸው ይመለሳሉ፤ በዚህ ተስማማን። ከአሁኑ ቦት ጫማ ይፈልጋሉ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ዛሬ ጠዋትም ቅዳሴ ላይ አብሮኝ ቆሞ ነበር። እንዳለ ይዤው ልሄድ ነው።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌያለሁ። ሦስት መስመር ነው። አሁን ልልከው ነው። ቆይ፣ አንዴ ደግሜ ላንብበው፣ ቀኑን በትክክል ጽፌው እንደሆነ ልይ።