ከኋላሽ ዳክዬ አለ

ሰኞ፣ ጁላይ 7

ዝናብ የለም። ስንዴው ደህና ነው ይላሉ። ምሳ ድንችና ቋሊማ።

ከሰዓት ካሪስን ይዤ ወጣሁ... ማለቴ እሷ እኔን ይዛኝ ወጣች። ካሪስ ቶውስ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። እናቷ መጦሪያ ቤት እየሠራች ቀን ከሌት ስለማትገኝ፣ መንዳት የሚያለማምዳት ሰው የለም። ታዲያ ማን ቀረ? አልቪን ፔነር። ሥራ የለው፣ መኪና አለው። የከተማው ልጅ ሁሉ እንዲህ እያለ በየተራ እላዬ ላይ ተለማመደ።

ካሪስ ወደ ፊት ስትነዳ እንከን አይወጣላትም። ወደ ኋላ ግን... ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ያለውን የፖም ዛፍ ገጨችው።

"ጋሽ አልቪን፣ ይሄ ዛፍ ትናንት እዚህ ነበር?"

"ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ።"

"ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?"

ስጮህ የነበረው ምን ነበር ታዲያ? መዝሙር?

ከእኔ በኩል ፍሬን የለም። እግሬ ግን መኖሩን አምኗል። እየረገጥኩ እየረገጥኩ የመኪናውን ምንጣፍ በስቼዋለሁ።

ወስኛለሁ። ይበቃኛል። ለካሪስም ለሁሉም እነግራቸዋለሁ... በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።


ረቡዕ፣ ጁላይ 9

አልነገርኳትም። ልነግራት ስል የእንስሳት ሐኪሙ ሥራ ሊሰጣት መሆኑን አበሰረችኝ። በሴፕቴምበር ትጀምራለች፣ ጎረቤት ከተማ። ጥጃና ድመት ስታክም ልትውል። ከሕፃንነቷ ጀምራ የምትመኘው ነው። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። መንጃ ፈቃድ ከሌላት ሥራውም የለም።

መንጃ ፈቃዱን አራት ጊዜ ተፈትና አራት ጊዜ ወድቃለች። አንዴ የፈታኙን ቢሮ የአበባ መደብ ደፈጠጠች። አንዴ ደግሞ ወደ ኋላ ሂጂ ሲላት ሰውየው ራሱ "ቆይ፣ ልውረድ" አለ። የመጨረሻው ፈተና ኦገስት 19 ነው። ሐኪሙ ከዚያ በላይ አልጠብቅም ብሏል።

ለአጋታ ነገርኳት። እህቴ አጋታ ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚህ ነው የምትኖረው፣ የመኪና መሪ ነክታ አታውቅም፣ ስለ መኪና የማታውቀው ግን የለም።

"ብዬህ ነበር" አለች። "እነዚህ ልጆች ይገድሉሃል። ከዚያ እኔን ገበያ ማን ይወስደኛል?"

የምታዝንልኝ ለዚህ ነው።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ጉድ! ማታ በር ተንኳኳ። ኔታ ሬምፔል ናት፣ የከተማው ዓመታዊ በዓል ኮሚቴ ሊቀመንበር። ከኋላዋ ሦስት ልጆች፣ በእጇ ኬክ። ኔታ ኬክ ይዛ ከመጣች አንድ ነገር ልትጭንብህ ነው።

ጥሩ አጋጣሚ ነው አልኩ በልቤ። ልጆቹም አሉ፣ አሁኑኑ ልንገራቸው።

"እንኳን መጣችሁ" አልኩ። "እኔም ስለ መኪናው ነገር ልነግራችሁ የምፈልገው..."

"የወጣቶች አለኝታ ሆነሃል!" አለች ኔታ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። አጋታም አጨበጨበች፣ ከዚያ ለምን እንዳጨበጨበች ጠየቀች።

በየዓመቱ በኦገስት የከተማው ወጣቶች ደግፎናል የሚሉትን ትልቅ ሰው ይመርጣሉ። ሰልፍ አለ፣ ንግግር አለ፣ አክሊል አለ። አምና የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳውን ጎህ ሳይቀድ የሚከፍትላቸው ሄንሪ ነበር። ካቻምና የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ። ዘንድሮ እኔ።

"በሙሉ ድምፅ ነው" አለ አንዱ ልጅ። "የተቃወመ የለም።"

"እኔ እቃወማለሁ" ልል ነበር። ኬኩ አፌ ውስጥ ነበር።


ሰኞ፣ ጁላይ 14

ለካ ሌላም ጣጣ አለው። ተሸላሚውን በሰልፉ ላይ የሚነዳው እሱ ከደገፋቸው ልጆች አንዱ ነው። ምርጫው የተሸላሚው።

ጄረሚን አሰብኩ። ጄረሚ እንደ ሽማግሌ ነው የሚነዳው፣ እንቅልፍ ያስወስዳል። እሱን ብዬ ወሰንኩ። ኔታ ጋ ልደውል ስወጣ ካሪስ አጥሩ ላይ ተደግፋ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች።

"እኔ ነኝ አይደል?" አለች።

ምን ይባላል? ፊቷን ላየው ሰው...

"ሌላ ማን ይሆናል?" አልኩ።

ይህን አፌን መስፋት ነበር የሚሻለው።


ሰኞ፣ ጁላይ 21

ዛፉን። እንደገና።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ልጆቹ አክሊሉን ሊለኩልኝ መጡ። መንገድ ላይ ለምልክት ከሚቀመጠው ብርቱካናማ ሾጣጣ ፕላስቲክ ነው የሠሩት፣ ዙሪያውን የወርቅ ወረቀት ለጥፈውበት። መኪና ማቆም ሳለማምዳቸው የምደረድረው እሱን ስለሆነ ነው አሉ። ሳደርገው እስከ ቅንድቤ ጠለቀ።

አጋታ ስቃ ስቃ ወንበር ያዘች። ስትጨርስ ልጆቹ የእሷን ሶፋ ለሰልፉ እንደሚፈልጉት ነገሯት። ሳቋ ወዲያው ቆመ።

"የእኔን ሶፋ? ፒክአፕ ላይ? በካሪስ መሪ?"

"አልቪንም እላዩ ላይ ነው" አልኳት።

"አንተስ ዕድሜህን ጠግበሃል። ሶፋው አዲስ ነው!"


ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

በሕይወት አለሁ። ከዚህ ልጀምር።

ጠዋት ሶፋውን በኔታ ባል ፒክአፕ ላይ በገመድ አሰሩት። እኔን አላሰሩኝም። ተቀመጥኩ፣ አክሊሉን ደፋሁ። ካሪስ መሪው ጋ፣ ኔታ አጠገቧ። ከፊታችን ሰልፉን የሚመራው አሮጌ የእህል ማጨጃ፣ ቤት የሚያክል። ከኋላችን የሕፃናቱ እንስሳት አርቢ ክበብ... ዳክዬዎች! አንድ መንጋ ዳክዬ፣ በእግራቸው። እረኛቸው ዊላ የምትባል፣ ጥርሶቿ ገና የወለቁ ልጅ ናት። ከእነሱ ኋላ የከተማው ማርሽ ባንድ።

ዋናውን ጎዳና በሰላም ወረድን። ሰው ያጨበጭባል፣ እጄን አወዛውዛለሁ። እንዲያውም ደስ ይል ጀመር። ይሄ ነገር ክብር ነው ለካ... ብዬ ሳልጨርስ ማጨጃው ድልድዩ መሃል ላይ ደርሶ አንዴ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሞተ።

ጠበቅን። አልተነሳም። በጎን ማለፍ አይቻልም፣ ድልድዩን ሞልቶታል። ሙቀቱ ጭንቅላት ይበሳል፣ በተለይ ሾጣጣ የደፋ ጭንቅላት። በመጨረሻ የእሳት አደጋው አለቃ መጥቶ "ሰልፉ በሙሉ ወደ ኋላ!" አለ።

ወደ ኋላ። ካሪስ። እኔ ሶፋ ላይ።

ኔታ በመስኮት ብቅ አለች። "አልቪን፣ መውረድ እችላለሁ?"

"አንቺ ከወረድሽ እኔም እወርዳለሁ!"

ከተማው ሁሉ አስተማሪ ሆነ። "ወደ ግራ ጠምዝዢ!" "ኧረ ወደ ቀኝ!" "ቀጥ አርጊው!" "አልቪን ዝለል!" ይህቺ የመጨረሻዋ የአጋታ ድምፅ ነበረች። እኔም ከሁሉም በላይ እጮሃለሁ፣ ምን እንደምል አላውቅም። መኪናው ነቅነቅ አለና ቆመ። ሶፋው ተንሸራተተ። ዳክዬዎቹ ተንጫጩ።

ያኔ ካሪስ በሩን ከፍታ ወረደች። ለቀቀችው አልኩ። የተሸነፈች መሰለኝ። ግን ወደ ኋላ ሄዳ ዳክዬዎቹን አየች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀና አለችና ያን ሁሉ ሕዝብ ተቆጣች።

"ዝም በሉ! አስደነገጣችኋቸው እኮ!"

ጎዳናው ጭጭ አለ። ከንቲባው እንኳ ኮፍያውን አወለቀ።

ተመልሳ ገባች። መስታወቱን አስተካከለች። እኔ ጋር አንድም ቀን አስተካክላው አታውቅም! አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ እያየች ቀስ ብላ ለቀቀች። ከሶፋዬ ላይ ሆኜ ዳክዬዎቹን ስታነጋግር እሰማታለሁ። "ይቅርታ እመቤቴ... እርስዎም ትንሽ ፈቀቅ... ጎሽ... አይዟችሁ፣ እያየኋችሁ ነው..." ዊላ በዱላዋ መንጋውን አዞረች፣ ዳክዬዎቹ እየተወዛወዙ ቀደሙ፣ ፒክአፑ በቂጡ ተከተላቸው። ባንዱም እየነፋ ወደ ኋላ። ያንን ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደተሰመረ መስመር! አንዲት ላባ አልተነካችም።

የተጎዳ የለም፣ ከበሮ መቺው ሲቀር። ወደ ኋላ ሲራመድ የሎሚ ጭማቂው በርሜል ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ ንግግር። ካሪስ ወጣች። ወረቀት አልያዘችም።

"ወደ ኋላ መንዳት አልችልም ነበር" አለች። "ሰው ሁሉ እንዳቃተኝ ሲያይ 'ተዪው፣ እኔ ላርግልሽ' ይለኛል። ጋሽ አልቪን ይጮሃሉ። በጣም ይጮሃሉ። ዛፋቸውን ስገጭባቸው ደግሞ የማይጻፍ ነገር ይናገራሉ። ግን አንድ ቀን እንኳ መሪውን ከእጄ ቀምተውኝ አያውቁም።"

እውነት ነው? አሰብኩ... እውነት ነው። ፈርቼ ስለደነዘዝኩ ነበር ወይስ...? አላውቅም። አክሊሉን ወደ ዓይኔ ጎተትኩት፣ ፀሐይ ነው ለማለት።

ተራዬ ሲደርስ ቆረጥኩ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ? ማይክሮፎኑን ያዝኩና "አመሰግናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን መንዳት ማለማመድ አቁሜያለሁ" አልኩ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

"የምሬን ነው!" አልኩ።

ቆመው አጨበጨቡልኝ። ሄንሪ ዓይኑን እየጠረገ "ይሄ ሰው በሳቅ ይገድላል!" ይላል። ሾጣጣ የደፋ ሰው ቁም ነገር ቢናገር ማን ያምነዋል?


ማክሰኞ፣ ኦገስት 19

አለፈች!

ከመግባቷ በፊት መስኮቱን አንኳኩቼ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። "ከኋላሽ ዳክዬ አለ።"

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጥፍሬን ጨረስኩ። ሲመለሱ ፈታኙ ቀድሞ ወረደ፣ ፊቱ ግራ ተጋብቷል።

"አባቷ ነዎት?"

"ጎረቤቷ ነኝ።"

"ወደ ኋላ ስትሄድ 'ይቅርታ እመቤቴ' ትላለች። ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"አሳለፏት?"

"አሳልፌያታለሁ።"

"እንግዲያው ምን አገባዎት?"

ካሪስ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ፈታኙንም አቀፈችው፣ ሳይፈልግ። እስከ ቤት እሷ ነዳች። እግሬ? እግሬ ምን ሲያደርግ እንደነበር አላስታውስም። ወሬ ላይ ነበርን።


ረቡዕ፣ ኦገስት 27

ሰላም ነው። ማንም አላንኳኳም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ልጅ አልመጣም። ጋዜጣ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት።

ምን ነካቸው? ጄረሚን ዳቦ ቤት አገኘሁት። ታናሽ እህቱ ልምምድ መጀመር ነበረባት፣ ምነው ቀረች? አልኩት።

"ካሪስ ናት" አለ። "'ጋሽ አልቪን የምራቸውን ነው፣ ደክሟቸዋል፣ ተዉአቸው ይረፉ' ብላ ሁላችንንም አስጠንቅቃናለች።"

ለካ አንድ ሰው ሰምቶኛል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዷ። የፈለግኩት ይሄው አይደል? ነው እንጂ።

ታዲያ ለምንድነው የከፋኝ?


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

ካሪስ ሥራ ጀመረች። ጠዋት በእናቷ መኪና ስታልፍ ክላክስ አደረገች። በፒጃማ ወጣሁ። አልፋኝ ሄዳ ነበር፣ ወደ ኋላ መጣችልኝ! ቀጥ ብላ፣ እስከ በሬ።

"ጋሽ አልቪን፣ ዛሬ የላም መንታ ይወለዳል አሉኝ!"

"ሂጂ፣ እንዳታረፍጂ!"

ሄደች። ግቢው ጸጥ አለ። መኪናዬ ቆማለች። ነዳጅ ልሙላባት ብዬ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፣ ቀበቶ አሰርኩ፣ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ... በተሳፋሪው በኩል ነው የተቀመጥኩት። ማን እስኪነዳልኝ ነው የምጠብቀው? ብቻዬን ሳቅኩ። አልወረድኩም ግን።

አጋታ በኩሽናው መስኮት ስታየኝ ቆይታ ኖሯል። ወጣች፣ ሽርጧን እንዳሰረች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ዞራ ሄዳ የሹፌሩን በር ከፍታ ገባች። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች። እጇ ላይ ዱቄት አለ፣ መሪው ነጭ ሆነ።

"ምንድነው የምታደርጊው?"

"ሥራ የለህም፣ መኪና አለህ" አለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ድምፅዋ ቀጠነ። "ሁልጊዜ ገበያ አድርሰኝ እያልኩ መለመን ሰልችቶኛል... የቱ ነው ፍሬኑ?"

አሳየኋት።

እስከ ፖስታ ቤቱ ደረስን። እኔ ከመጮህ ብዛት ድምፄ ተዘግቷል። ፖስታ ቤቱ ደህና ነው።