የአባዬ ጠመንጃና የአባዬ አእምሮ

ኅዳር 2፣ ጠዋት

ሱቅ ከፍቻለሁ። ደ/ታቦር ዛሬ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ኩሽኔታ ሊገዛ መጥቶ ጨቀጨቀኝ። የድሮው ይሻላል፣ ያሁኑ ቆርቆሮ ነው ይላል። ያንን የድሮውን ሲገዛኝም ከሱ በፊት የነበረው ይሻል ነበር ብሎኝ ነበር። ሳቅሁበት። ተቆጥቶ፣ ገዝቶ ሄደ።

ከዚያ አጎቴ ታከለ ደወለ፤ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። ሽማግሌ አስቀምጫለሁና ነይ አለኝ። የአባዬ ኑዛዜ አይጸናም ብሎ ተነስቷል። ምክንያቱን ስሚልኝ፣ ማስታወሻዬ፤ አንቺም ትስቂያለሽ። አባዬ ከመሞቱ በፊት አሮጌውን አምስት ጎራሽ ጠመንጃውን ሰጥቶ አዲስ የተሠራውን ተቀብሏል። አእምሮው ጤና የሆነ ሰው ይህን አያደርግም ይላል። ስለዚህ በዚያው ሰሞን ቤቱንና የጉና ሥሩን ማሳ ለሴት ልጁ ሲናዘዝም አእምሮው ጤና አልነበረም!

ቁጣዬ እስካሁን አልበረደም። ሁለት ደንበኞችን የማይሆናቸውን ዕቃ ሰጥቼ ሸኘሁ።

ኅዳር 3

ነገሩን በደንብ ልጻፈው፣ ለራሴም እንዲገባኝ።

ሁለቱም ጠመንጃ ስማቸው አንድ ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ቅርጽ፣ ያው በእጅ የሚጎተት መቀርቀሪያ። አሮጌው ከአያቴ የመጣ ነው፤ አገር ያውቀዋል፣ በፉከራ ይጠራል። አዲሱን ጎረቤታችን አያ ወርቁ ገዝቶት ነበር። አሮጌውን ለስሙ ሲል ሲመኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ አዲሱን ከጊደር ጋር ለአባዬ ሰጥቶ ወሰደው። ወረቀቱም በሕጉ ዞረ። አገሬው ግን ሳቀ። "ሲያረጁ አምባር ይዋጁ" ተባለ። ወርቅ ሰጥቶ ጣሳ ተቀበለ ተባለ። አባዬ አንድም መልስ አልሰጠም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ጠመንጃ የወንዶች ወሬ ነው ብዬ።

ለነገሩ ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ከአዲሱ ምርት መጀመሪያ ወደኛ አገር የገቡት መቀርቀሪያቸው በውርጭ ይነክሳል፣ አልጎተት ይላል። አንዱ ሰው ጅብ በረቱን ሲገባበት መቀርቀሪያው እምቢ ብሎት በዱላ ነው የተረፈው። ይህን አልክድም። ግን ፋብሪካ ይማራል። እኔ ኩሽኔታ ሻጭ ነኝ፤ መጀመሪያ የመጣው ተልካሻ ሆኖ በኋላ የመጣው ዕድሜ ልክ ሲያገለግል አይቻለሁ።

ኅዳር 7

ጋሳይ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው መሪጌታ፣ የአባዬ የጥንት ወዳጅ ናቸው።

አጎቴ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ እሱ ዘንድ ነው፤ ያን ዕለት ተሸክሞ ፎከረበት፣ ከዚያ ወዲያ አልመለሰውም። (በአፌ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው። አንቺ አትናገሪብኝም።)

ተቀብዬ አየሁት። እውነቱን ልጻፍ፤ አያምርም። የሰደፉ እንጨት ተራ ነው፣ ቀለሙ በጥፍር ይነሳል። አሮጌው እንደ ታቦት ዕቃ የሚያብረቀርቅ ነበር። ግን መቀርቀሪያው ሲገባ ምንም አይወዛወዝም፣ ልክ ነው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ ውስጡን አየሁ፤ ጥይቱን የሚያሽከረክረው የውስጥ ጥርሱ ሙሉ ነው። ይህን ስል አንዱ ሽማግሌ ሳቁ። ሴት ልጅ አፈሙዝ ውስጥ ምን ትፈልጋለች አሉ። የአባቴን አእምሮ አልኳቸው።

ይሞከር አልኩ። ሁለቱም ጠመንጃ በጠዋት ውርጭ፣ በአንድ ዒላማ፣ በሽማግሌ ፊት። አጎቴ ደስ እያለው እሺ አለ። መሪጌታ ከሚካኤል ማግስት ብለው ቀጠሩ። ጠመንጃው እስኪሞከር ደግሞ ማንም ገብሱን እንዳይነካ አሉ። ገብሱ ደርሶ ራሱን ደፍቷል። ያዘራሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር 13፣ ከሰዓት

ተዋረድኩ።

ሜዳው ነጭ ነበር፣ ሣሩ ከእግር ሥር ይሰበራል። ቅል በድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጡ። አያ ወርቁ በአሮጌው ተኮሰ። አንዴ ሳተ፣ አንዴ ካቡን መታ፣ በመጨረሻ የቅሏን ጎን ላጠ። እልልታው ቀለጠ። አጎቴ የአባዬን አዲሱን አነሳ። ጎተተ። መቀርቀሪያው እምቢ። እንደገና፣ እምቢ። በጉልበቱ ይዞ ቢታገልም ያው ነው። ያኔ እንደ ካህን እጁን ዘረጋና አያችሁ አለ። ወንድሜን ምን እንደነካው አያችሁ አለ።

የመጨረሻዋ ቃል ናት ያቃጠለችኝ። ሐዘን ነበረባት። እያስመሰለ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጠመንጃውን ተቀብዬ እኔም ታገልኩት። አልሆነም። ሰው ተበተነ። በሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ማልቀሴ ራሱ አናደደኝ። አባዬ ምናልባት በመጨረሻው... አይ። ይህን አልጽፍም።

ኅዳር 14፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ! የትናንቱ ነጠላዬ በግ በግ ይሸታል።

ልብስ ላጥብ ሳነሳው ነው። ጠመንጃውን ያቀፍኩበት ቦታ ላይ ወዝ አለ። አሸተትኩ። ሞራ! የበግ ሞራ!

አጎቴ ወልውሎታል። ለተንኮል አይደለም፣ ይህን ልመንለት። እኛ አገር ጠመንጃ በሞራ ነው የሚወለወለው፣ አያቴም እንዲያ ነበር፣ ሁሉም እንዲያ ነው። ብረቱን ያወዛዋል፣ ዝገት ይከላከላል ይላሉ። አሮጌው መቀርቀሪያው ተበልቶ ሰፍቷል፣ ሞራ ቢረጋበትም ምንም አይመስለው። አዲሱ ግን ጠባብ ነው፣ ልክ ነው። በጉና ውርጭ ሞራ ሲረጋበት ይታሰራል። አገር ሙሉ ብረቱን ሲረግም የኖረው ራሱ በቀባው ሞራ ነው እንዴ?

እርግጠኛ መሆን አለብኝ። ሉካንዳ ሄጄ ሞራ ለመንኩ። አዲስ ኩሽኔታ ቀብቼ ጣሪያ ላይ አሳድረዋለሁ።

ኅዳር 15፣ ንጋት

አልዞር አለ! በሁለት እጄ፣ በጥርሴም ቢሆን አልዞር አለ። በላምባ አጥቤ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት አንጠበጠብኩበት፤ በጣት ይሽከረከራል።

ሱቁን ዛሬ አልከፍትም። ለመሪጌታ ደውያለሁ። አንድ ጊዜ ተሞክሯል፣ በቃ አሉኝ። አንቱ የአባዬ ወዳጅ ነበሩ፣ ሬሳውን ገንዘው ስሙን ሊቀብሩት ነው ወይ አልኳቸው። ከዚያ ነገ ማለዳ ነይ አሉ።

ኅዳር 16

ከመተኛቴ በፊት ሁሉንም ልጻፍ።

በሽማግሌዎቹ ፊት አጎቴ ካመጣው ጠመንጃ መቀርቀሪያውን አውጥቼ በላምባ አጠብኩ። ሞራው እንደ ሻማ እየተቆረሰ ወጣ። ጣቴ ላይ አድርጌ ለእያንዳንዳቸው አሳየሁ። አጎቴ አባቶቻችን በምን ወለወሉ ብሎ ጮኸ። በሞራ፣ ለአባቶቻችን ጠመንጃ አልኩት። ዘይቱን ቀባሁ። ብርድ ይምታው ብዬ ካቡ ላይ አስተኛሁት፤ የማለዳዋ ፀሐይ ከጉና ወደ ሜዳው እስክትወርድ ጠበቅን።

ከዚያ ራሴ አነሳሁት። አጎቴ ሊቀማኝ እጁን ሲዘረጋ መሪጌታ ይተዋት አሉ።

ተጎተተ። ገባ። ሰደፉ ትከሻዬን ደቆሰኝ። ቅሏ የለችም። ሌላ አስቀመጡ፣ እሷም የለችም። እልል ያለ አልነበረም። አንድ ውሻ ብቻ ጮኸ።

ያን ጊዜ አያ ወርቁ ወደ እኔ መጣ። በአሮጌው ለመተኮስ አልሞከረም። ይህ አሮጌው ጠመንጃ አባትሽ እጅ እያለም መሳት ጀምሮ ነበር አለኝ። አባትሽ ነግሮኛል፤ እኔ የገዛሁት ስሙን ነው፣ እሱ ግን በጎቹን የሚጠብቅለት ፈለገ አለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰሙት።

አባዬ። አላበድክም። ከሁሉም ቀድመህ ያወቅኸው አንተ ነበርክ። ለአንዲት ቀን እንኳ ስለጠረጠርኩህ ደረቴ ውስጥ ድንጋይ ተቀምጧል። ጠመንጃውን የለወጥክ ዕለት ማታ አጠገብህ ብኖርና ለምን ሰጠኸው ብዬ ብጠይቅህ ምን ነበረበት!

አሁን አጎቴ ምን እንዳለ ስሚ። ጠመንጃውስ መልካም ነው አለ። ጠመንጃውን አልነቅፍም። ግን ሴት ልጅ ከከተማ መጥታ ያባቶቼን ማሳ ልትይዝ ነው? ሌላ ቀጠሮ ይሰጠኝ፣ ሌላ ምስክር አለኝ አለ። ሽማግሌዎቹም ተንሾካሹከው ቀጠሮ ሰጡት! መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ።

ነገሩ ጠመንጃ አልነበረም ማለት ነው። ጠመንጃው ቢነክስ እኔ ተሸነፍኩ፤ ባይነክስ ሌላ ነገር ይነክሳል። በየቀጠሮው የአባቴን አእምሮ ተሸክሜ እየዞርኩ ላስመዝን ነው? ገብሱስ እየረገፈ?

ኅዳር 18፣ ማለዳ፣ ከማሳው ዳር

ወስኛለሁ። ቀጠሮው ላይ አልገኝም። መሪጌታ በሰው ታገሺ ብለው ላኩብኝ። ልጅዎ ነኝ፣ አከብርዎታለሁ፣ ገብሱ ግን አይታገስም ብዬ መለስኩ። ያገዱት ጠመንጃው እስኪሞከር ነበር፤ ተሞክሯል።

ደቦ ጠርቻለሁ። ማንም አይመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር። መጡ። አያ ወርቁ ከነልጆቹ መጣ። ያን ዕለት በሜዳው ላይ ዝም ያሉት ሴቶች ከየቤታቸው ጠላና ቂጣ ይዘው መጡ። አንዷ የኔም ባል ጠመንጃውን በሞራ ነው የሚቀባው ብላ በጆሮዬ ሳቀች። ሁላችንንም ብርድ ያንቀጠቅጠናል። ከተኮስኩ ወዲህ እኔ ዘንድ ያለውን ጠመንጃ አላመጣሁትም፤ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ለጅብ ነው።

አጎቴ ከማሳው ራስ ላይ ቆሟል፣ ብቻውን። የሚያዝዘው ሰው አጥቷል። ሁሉም እኔን ያያል፣ የመጀመሪያውን ነዶ ማን እንደሚያጭድ።

ወደሱ እሄዳለሁ። እንደምን አደሩ እለዋለሁ፣ በአንቱ። ይከልክለኝ እስኪ። ማጭድ ካልያዘ ደግሞ ትርፍ ይዤለታለሁ፣ ከወደደ አብሮን ያጭዳል።